ፕሌይስቴሽን ወይስ ኮምፒዩተር? ከመዋጮው በፊት ሒሳቡ ይቅደም



ሰሞኑን በመመገቢያ አዳራሹም ሆነ በዶርሙ ውስጥ ከፈተና ወሬ ቀጥሎ አንድ ክርክር በርትቷል። ይኸውም ለመዝናኛ ክበባችን የጌም መጫወቻ ይገዛ የሚለው ሐሳብ ያስነሣው ክርክር ነው። ገሚሱ «ፕሌይስቴሽን ይገዛ፤ ርካሽ ነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «የለም፤ ደኅና ኮምፒዩተር ይገዛ። ጌምም እንጫወትበታለን፣ ትምህርትም እንሠራበታለን። ሲቆይ የሚረክሰው እሱ ነው» ይላል። መከራከሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቁጭ ብሎ የቆጠረ እስካሁን አላየንም። ገንዘቡ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ ከእያንዳንዳችን የኪስ ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው። በመካከላችን እኮ ቤተሰቡ እህል ሸጦ የሚልክለት ጓደኛ አለ። ስለዚህ እኛ ጥቂት የሒሳብ ክፍል እጩ መምህራን ተሰባስበን ቆጠርን። የደረስንበትን እነሆ፤ ዋጋዎቹ የአሜሪካ ገበያ፣ ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዋጋና ወጪ አንድ አለመሆናቸውን እንስማማ። ዋጋ ማለት ዕቃውን በምንገዛበት ቀን ለሻጩ የምንሰጠው ነው። ወጪ ማለት ግን ዕቃው ከሱቅ ከወጣበት ቀን አንሥቶ አርጅቶ እስከሚጣልበት ቀን ድረስ ከኪሳችን የሚወጣው ሁሉ ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። የላምባ ምድጃ አንድ ቀን ይገዛል፤ ላምባው ግን በየጊዜው ይገዛል። ምድጃው ረከሰ ብሎ የላምባውን ነገር የማይጠይቅ ባለቤት ምን ዓይነት ባለቤት ነው?

ወደ ነገራችን እንምጣ። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ከሱቅ ሲገዙ ተመሳሳይ ጉልበት ካለው ኮምፒዩተር የሚረክሱት ለምንድን ነው? አምራቾቹ ለእኛ አዝነው አይደለም። ሶኒ ኩባንያ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ በ499 እና በ599 ዶላር ነበር የሸጠው፤ ያም ሆኖ ለመሥራት የሚያወጣው ገንዘብ ከመሸጫው በላይ ነበር። በ2021 ደግሞ ኤፒክ የተባለው የጌም ኩባንያ አፕልን በከሰሰበት ችሎት ላይ አንዲት የማይክሮሶፍት ኃላፊ ቀርበው ኩባንያቸው ኤክስቦክስ በመሸጥ ብቻ ትርፍ አግኝቶ እንደማያውቅ ለፍርድ ቤቱ መስክረዋል። ታዲያ ነጋዴ በኪሳራ ይነግዳል እንዴ? አይነግድም! ትርፉን የሚሰበስበው በኋላ ነው። በማሽኑ ላይ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጌም 30 ከመቶ ያህል ድርሻ ይወስዳል። ከሰው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ደግሞ የአባልነት ክፍያ ያስከፍላል። በአጭሩ ማሽኑ ምድጃው ነው፤ ላምባውን የሚሸጠውም ያው ባለ ምድጃው ነው።

ኮምፒዩተር ዘንድ ነገሩ ይለያል። ግራፊክስ ካርዱን የሚሸጥ አንዱ፣ ራሙን የሚሸጥ ሌላው፣ ሳጥኑን የሚሸጥ ሦስተኛው ነው። ሁሉም ትርፉን እዚያው በሽያጩ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከመነሻው ይወደዳል። በኋላ ግን በኢንተርኔት ስለተጫወትን የአባልነት ክፍያ የሚጠይቀን የማሽን ባለቤት የለም። ጌም የሚሸጡትም ብዙ ናቸው። ስቲም ከ2003 ጀምሮ አለ፤ የኤፒክ መደብር በ2018 ተከፍቶ በየጊዜው ጌም በነፃ ያድላል። ሻጮች ሲሻሙ ዋጋ ይወርዳል፤ ይህ የገበያ ሀሁ ነው።

እስቲ አሁን ቁጥሩን እንያዝ። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ለብቻው ለአምስት ዓመት የሚጫወት ነው እንበል። በዓመት ሁለት ጌም፣ በጠቅላላው 10 ጌም ይገዛል። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ዲስክ የሚያጫውተው 499 ዶላር ነበር። የአባልነት ክፍያው የመጨረሻ ዝቅተኛ ደረጃ በ2023 መስከረም ላይ ከ60 ወደ 80 ዶላር በዓመት ከፍ ብሏል፤ በዚህ ሒሳብ የአምስት ዓመቱ 400 ዶላር ይሆናል። ትልልቆቹ አዳዲስ ጌሞች ከ2020 ወዲህ ከ60 ወደ 70 ዶላር አድገዋል፤ ዐሥሩ 700 ዶላር ነው። ሲደመር 1,599 ዶላር። ማሽኑ ራሱ ከጠቅላላው ሲሶውን እንኳ አይሞላም!

በኮምፒዩተር በኩል ደግሞ ማሽኑን 1,000 ዶላር ብለን እንያዝ። የአባልነት ክፍያ የለም። ጌሙን ቅናሽ እየጠበቀ አንዱን በ35 ዶላር ቢገዛ ዐሥሩ 350 ይሆናል። ድምሩ 1,350 ዶላር። እንግዲህ በመግዣው ቀን በ501 ዶላር ተወዶ የታየው ኮምፒዩተር በአምስተኛው ዓመት በ249 ዶላር ረክሶ ተገኘ ማለት ነው። 1,000 እና 35 ያልናቸው እኛ የገመትናቸው ናቸው፤ ሌላ ግምት ያለው ለውጦ ይደምር። ኮምፒዩተርን የሚደግፉ ጓደኞቻችን እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ሌላም የሚጨመርላቸው አለ። ፕሌይስቴሽን 4 የፕሌይስቴሽን 3ን ዲስክ አያጫውትም ነበር፤ ያን ጊዜ ማሽኑን የለወጠ ሰው ዲስኮቹንም አብሮ ተሰናብቷል። በኮምፒዩተር ግን ድሮ የተገዛው አብዛኛው ጌም አዲሱም ላይ ይሠራል።

እንግዲያው ክርክሩ አለቀ፣ ኮምፒዩተር ይገዛ ልንል ነው? የለም፤ አልተቻኮልንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ያ ሒሳብ የአሜሪካው ወጣት ሒሳብ እንጂ የእኛ አይደለም። እስቲ በእያንዳንዱ መሥመር ላይ «ይህ እኛን ይመለከተናል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

የአባልነት ክፍያው አይመለከተንም። እኛ የምንጫወተው በኢንተርኔት ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር አይደለም፤ አጠገባችን ወንበር ላይ ከተቀመጠው ጓደኛችን ጋር ነው። በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ለሚደረግ የኳስ ጌም ማንም የአባልነት ክፍያ አይጠይቅም። ስለዚህ 400 ዶላሩ ይሰረዛል። ዐሥሩ ጌምም አይመለከተንም። ክበባችን ውስጥ ከዐሥር ሰው ስምንቱ ኳስ ነው የሚለው፤ ለአምስት ዓመት አራት ጌም ከበቂ በላይ ነው። በአንጻሩ አሜሪካዊው የሌለበት አንድ ወጪ እኛ ላይ ይመጣል፤ ጆይስቲክ። እሱ ከማሽኑ ጋር በመጣው በአንዱ ይጫወታል። እኛ አራት እንፈልጋለን፤ እሱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይሰበራል። በፕሌይስቴሽን ቤት የተጫወተ ሁሉ ያውቃል፤ ከማሽኑ በፊት የሚያልቀው ጆይስቲኩ ነው። ሦስት ለመነሻ፣ ሦስት ለመተኪያ፣ በጠቅላላው ስድስት ተጨማሪ ያስፈልገናል። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ሲወጣ 70 ዶላር ስለነበር 420 ዶላር ይሆናል።

እንደገና እንደምር። ፕሌይስቴሽኑ 499፣ አራት ጌም በ70 ሒሳብ 280፣ ጆይስቲክ 420፤ ድምር 1,199 ዶላር። ኮምፒዩተሩ 1,000፣ አራት ጌም በ35 ሒሳብ 140፣ ከእሱ ጋር ጆይስቲክ ስለማይመጣ ሰባት ርካሽ ጆይስቲክ በ25 ዶላር ግምት 175፤ ድምር 1,315 ዶላር። አሁን ደግሞ ፕሌይስቴሽኑ በ116 ዶላር ረከሰ! ማሽኖቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ተጫዋቹ ነው። እንግዲህ ዋናው ነገራችን ይኸው ነው። «የቱ ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ማሽኑ ውስጥ የለም፤ ማን፣ ከማን ጋር፣ እንዴት ይጫወታል በሚለው ውስጥ ነው ያለው።

ዲስክ ደግሞ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው። ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ሲሰለች ይሸጣል። ከ70 ዶላሩ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያገለገለ ከተገዛም ከመነሻው 70 አይሆንም። በኮምፒዩተር የሚገዛ ጌም ግን በገዢው ስም ተመዝግቦ ይቀራል፤ ለገበያ አይወጣም። የአዲስ አበባና የክፍለ ሀገር ፕሌይስቴሽን ቤቶች ባለቤቶች ከእኛ በፊት ይህን ሒሳብ ሠርተውታል። ያገለገለ ማሽን፣ ጥቂት የኳስ ዲስክ፣ የአባልነት ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ በጨዋታ ቁጥር ያስከፍላሉ። ስለ እነዚህ ቤቶች ብዙ ክፉ ነገር ይወራል፤ የተማሪን ጊዜ እንደሚበሉም አይካድም። ሒሳቡን ግን ያውቁታል።

አሁን ወደ አንገብጋቢው ነጥብ እንለፍ። «ኮምፒዩተር ለትምህርትም ይሆናል» ይባላል። ይህ አባባል ደስ ይላል፤ አሠልጣኞቻችን ዘንድም ተቀባይነት ያገኛል። እኛ ግን ሁለት ስሕተት አይተንበታል።

አንደኛ፣ የትምህርት ዕቅድ ለመጻፍ፣ ፈተና ለማዘጋጀት፣ የተማሪ ውጤት ለመደመር ተራ ኮምፒዩተር ይበቃል። የጌም ኮምፒዩተርን የሚያስወድደው ግራፊክስ ካርዱና እሱን የሚሸከመው ፓወር ሰፕላይ ነው። በ2023 የወጣው መካከለኛ ካርድ፣ አርቲኤክስ 4060 የሚባለው፣ ብቻውን 299 ዶላር ነበር። ይህ 299 ዶላር የትምህርት ዕቅዳችንን በአንዲት መሥመር አያሻሽለውም። ስለዚህ «ለትምህርት» ብሎ የጌም ኮምፒዩተር መጠየቅ የጨዋታን ወጪ በትምህርት ስም ማስመዝገብ ነው። መምህር ልንሆን ነው እኮ! ነገ የትምህርት ቤት ንብረት እንረከባለን። ሒሳብን በስሙ መጥራት ከወዲሁ ካልለመድን መቼ ልንለምድ ነው?

ሁለተኛ፣ አንድ ማሽን በአንድ ሰዓት ሁለት ሥራ አይሠራም። ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ልጆች ኳስ ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። የማስተማር ልምምድ ነገ የምትጀምር እኅታችን ዕቅዷን ልትጽፍ ትመጣለች። ማን ይነሣል? እኛ እንደምናውቀው የሚነሣው ጯሂው አይደለም። በወረቀት ላይ ለሁለት ሥራ የተባለ ማሽን በተግባር የአንዱ ብቻ ይሆናል፤ ያውም የጨዋታው።

ሐቁን ሙሉ ለማድረግ ኮምፒዩተር በርግጥ የሚያሸንፍበትን ሁኔታም እንናገር። ካርድ ለመጨመር ቦታ ያለው፣ ኃይሉም የሚበቃው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከወዲሁ በቤቱ ያለ ሰው 299 ዶላሩን ብቻ ቢጨምር ከ499 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን ያተርፋል። ላፕቶፕ ላይ ግን ይህ አይሞከርም። የእኛ ክበብ ደግሞ የጠረጴዛም የላፕም ኮምፒዩተር የለውም፤ ያለው ቴሌቪዥን ነው።

የብርንም ነገር አንርሳ። ከሐምሌ 2024 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዛሬም ከዚያ በላይ ነው። ያው 499 ዶላር ከ28 ሺሕ ብር ተነሥቶ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይቆጠር፣ 50 ሺሕ ብር ደረሰ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አለ። አንድ ጊዜ የተከፈለ ዕቃ ምንዛሪ ቢወጣም ቢወርድም ከእኛ ጋር ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል አባልነት ግን ምንዛሪው በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል፤ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለን ለእኛማ ሌላ ራስ ምታት ነው። በእኛ አገር ሁኔታ ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራው ተመላላሹ ክፍያ ነው።

«እንግዲያው እንጠብቅ፤ ሲያረጅ ይረክሳል» የሚሉም አሉ። ድሮ እውነት ነበር። በ599 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 በ2009 በ299 ይሸጥ ነበር። በ399 ዶላር በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4ም በ2016 ወደ 299 ወርዷል። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ499 ጀምሮ በ2025 ነሐሴ ወር ወደ 550 ዶላር ወጣ። በኮምፒዩተሩ በኩልም ያው ነው፤ ከ2020 እስከ 2022 ግራፊክስ ካርድ ከተተመነለት ዋጋ በላይ በእጥፍ ጭምር ሲሸጥ ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም ዋጋ በኃይል ንሯል። መጠበቅ ብቻውን ቁጠባ መሆኑ ቀርቷል።

ፕሌይስቴሽን የሚደግፉትንም ዝም ብለን አናልፋቸውም። አንድ ወጥመድ አለ። በ2020 ዲስክ የማይቀበለው ዓይነት 399 ዶላር ነበር፤ ዲስክ ከሚቀበለው በ100 ዶላር ያንሳል። ይህን አይቶ «ኧረ ይሄ ረከሰ!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዲስክ የማይቀበል ማሽን ማለት ያገለገለ ጌም የማይገዛበት፣ ከጓደኛ የማይዋስበት፣ ያለቀው የማይሸጥበት፣ ጌም ሁሉ በኢንተርኔት ከአንድ ሱቅ ብቻ የሚገዛበት ማሽን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮማ በ2024 ሲወጣ 700 ዶላር እየተጠየቀበት የዲስክ ማጫወቻ አብሮት አልነበረም። አምራቾቹ የዲስክን መዋዋስ እንደማይወዱት ከታወቀ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት በ2013 ለኤክስቦክስ ዋን ያገለገለ ዲስክን የሚገድብ፣ ማሽኑም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ አስታውቆ ነበር። ተጫዋቾች ጮኹ፤ ኩባንያውም ማሽኑ ገበያ ሳይወጣ በዚያው ዓመት ሰኔ ደንቡን ሰረዘ። የገዢዎች ድምፅ ዋጋ እንዳለው ይህ አንድ ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የተፈለገው ጨዋታ ከሆነ በጨዋታ ስም፣ ዲስክ የሚቀበል፣ ያገለገለና በደንብ የተፈተሸ ፕሌይስቴሽን ይገዛ። አባልነት አይገባ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ስታብላይዘር አብሮ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ የመተኪያ ጆይስቲክ ገንዘብ ከመነሻው ተለይቶ ይቀመጥ። ሲሰበር ሌላ መዋጮ መጥራት አለመቁጠርን ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ለትምህርት ኮምፒዩተር ያስፈልገናል፤ ይህ አያከራክርም። በራሱ ስም፣ በራሱ ማመልከቻ፣ ተራው ዓይነት ይጠየቅ። አሠልጣኞቻችንም በዚህ በኩል ድጋፋቸውን እንዳይነፍጉን እንለምናለን።

አራተኛ፣ መዋጮው በፈቃድ ይሁን። የማይጫወት አይገደድ፤ ያልቻለም ስሙ አይነሣ። ሒሳቡ፣ ከዋጋው እስከ ደረሰኙ፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

የመጨረሻው ቁጥራችን ይህ ነው። የአሜሪካው ወጣት 1,599 ዶላሩን ብቻውን ተሸክሟል። የእኛን 1,199 ዶላር ስልሳ አባላት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 20 ዶላር ያህል ይደርሰዋል፤ ያውም ለአምስት ዓመት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው። ከፕሌይስቴሽንም ከኮምፒዩተርም ይበልጥ ዕቃን የሚያረክሰው በጋራ መጠቀም ነው። በጋራ የሚያዝ ዕቃ ግን ጠባቂና መዝገብ ይፈልጋል፤ እሱን ዛሬውኑ ካልወሰንን የቱንም ብንገዛ ገንዘባችን ባክኗል።

ሒሳባችን ላይ ግድፈት ያገኘ፣ ወይም የተሻለ ግምት ያለው፣ አይጩህብን፤ ደምሮ እዚሁ አጠገባችን ይለጥፍ። በደስታ እናነባለን።

ከሒሳብ ክፍል እጩ መምህራን